የሜሞሪ ቋት መበጣጠስ፦ የመለየት፣ የመለካትና የማስተካከል መመሪያ

የሜሞሪ መበጣጠስ የሚባለው፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነጻ ሜሞሪ በድምሩ በቂ ሆኖ ሳለ፣ በተያዙ ቦታዎች መካከል በትንንሽ ቁርጥራጭ ተበትኖ በመገኘቱ፣ ወጥና ተያያዥ ቦታ ለሚጠይቅ ሥራ ሊውል ያልቻለበት ሁኔታ ነው። ነገሩ በሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀውን የማሳ መበጣጠስ ይመስላል፤ በስምንት ቦታ ተከፋፍሎ የተያዘ መሬት በስፋቱ ከአንድ ወጥ ማሳ ባያንስም፣ ትራክተር አስገብቶ ለማረስ አይመችም። ብዙ ባለሙያዎች የነጻውን ሜሞሪ ድምር ብቻ አይተው፣ ቁጥሩ አጥጋቢ መስሎ ስለሚታያቸው፣ ወይ አላስፈላጊ ሜሞሪ ያስገዛሉ፣ ወይም ማሽኑን አጥፍተው በማስነሣት ምልክቱን ደምስሰው ሕመሙን ያቆያሉ። መጠየቅ የሚገባው ዋናው ነገር ግን ትልቁ ተያያዥ ነጻ ቦታ ስንት እንደሆነ ነው።

ከዚህ በታች የቀረቡት እርምጃዎች የተዘጋጁት በእስራኤል ውስጥ በቂርያት መላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ በኮምፒውተር ጥገናና በፕሮግራም ሥራ ለተሰማሩ፣ እንዲሁም ቴክ ካሪየርን በመሰሉ የኢትዮጵያ ተወላጆችን ለዚህ ሙያ በሚያሠለጥኑ ድርጅቶች በኩል ወደ ሥራው ለሚገቡ አማርኛ አንባቢዎች ነው። ለማስረዳት ያህል ሦስት ዓይነት የሥራ ቦታዎች ተመርጠዋል፦ በገዴራ በአንድ ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ውስጥ ያለ የፋይል ሰርቨር፣ በያቭኔ የኢንዱስትሪ ቀጠና የሚገኝ በካሜራ ምርት የሚመረምር ጣቢያ፣ በቂርያት መላኪ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ላይ የተተከለ የመስኖ መቆጣጠሪያ። ሦስቱም በመጠን እጅግ ይለያያሉ፤ ሆኖም ሦስቱንም የሚያሰናክለው ችግር ሥሩ አንድ ነው።

ስለ ቋት በመነሻው ማወቅ የሚገባው

ስርዓተ ክወና ሜሞሪን የሚያስተዳድረው «ገጽ» በሚባል ክፍል ሲሆን፣ የአንድ ገጽ መጠን በአብዛኞቹ ማሽኖች 4 ኪሎባይት ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ገጾችን በጅምላ ወስዶ ለትንንሽ ጥያቄዎች እየሸነሸነ የሚያከፋፍልበት ክምችት «የሜሞሪ ቋት» ይባላል። ተያያዥ ገጾችን ለማደል ሊኑክስ የሚጠቀምበት የ«ባዲ» ዘዴ ኬኔት ኖውልተን በቤል ላብራቶሪ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ሲሆን፣ ቦታን ሁልጊዜ ለሁለት እኩል እየከፈለ ይሰጣል፤ ሁለቱ ጥንዶች ሁለቱም ነጻ ሲሆኑ ደግሞ መልሶ ያዋህዳቸዋል። ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ትንንሽ ዕቃዎች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሚደረድረው «ስላብ» የሚባለው ዘዴ ደግሞ የሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጄፍ ቦንዊክ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ነው።

ከእነዚህ ዘዴዎች ሁለት ዓይነት ጉዳት ይወጣል። አንደኛው ውስጣዊ ብክነት ሲሆን፣ ጠያቂው ከፈለገው በላይ ቦታ ተሰጥቶት ትርፉ ሳይሠራበት የሚቀርበት ነው፤ ለምሳሌ የሊኑክስ ከርነል 75 ባይት ሲጠየቅ ከ96 ባይት ምድብ ስለሚሰጥ 21 ባይት ባክኖ ይቀራል። ሁለተኛው ውጫዊ መበጣጠስ ሲሆን፣ በመግቢያው የተገለጸው እሱ ነው። ጄ. ኤም. ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ አንዴ የሰጠውን ቦታ ማንቀሳቀስ የማይችል ማናቸውም የድልድል ዘዴ፣ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ክፉ ከሆነበት፣ በሥራ ላይ ካለው መረጃ ብዙ እጥፍ የሚሆን ሜሞሪ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ መበጣጠስን ፈጽሞ የሚያጠፋ ቅንብር አለ ብሎ መፈለግ ድካም ነው፤ ሥራው ጉዳቱን ማወቅ፣ መለካትና ወሰን ማበጀት ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ሦስቱን ሕመሞች መለየት

ማሽን «ሜሞሪ የለም» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ማለቱ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ እጥረት ከሆነ ድምሩ ራሱ አልቋል። ፍሳሽ ከሆነ አንድ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር የወሰደውን ሳይመልስ ዕለት ዕለት እየጨመረ ይሄዳል፤ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት እንኳ አይቀንስም። መበጣጠስ ከሆነ ደግሞ የነጻው ድምር ብዙም ሳይለወጥ፣ ትንንሽ ጥያቄዎች እየተሳኩ ትልልቆቹ ብቻ ይወድቃሉ።

በሊኑክስ ላይ ይህን ለመለየት ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር ያለው «ሜምኢንፎ» የተባለው ፋይል በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይነበብ፤ ከውስጡም ለአዲስ ሥራ ሊውል የሚችለውን መጠን የሚያሳየው «ሜምአቬይለብል» እና ከርነሉ ሊያስመልሰው የማይችለውን የስላብ መጠን የሚያሳየው «ኤስአንሪክሌይም» የተባሉት መስመሮች ተጽፈው ይያዙ። የመጀመሪያው ቁጥር ከወደቀ እጥረት ነው፤ ሁለተኛው ሳያቋርጥ ከጨመረ በከርነል ውስጥ ፍሳሽ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ረግተው ስሕተቱ ግን ከቀጠለ ወደሚቀጥለው እርምጃ ይታለፍ። ይህን ንጽጽር ለማድረግ የአንድ ቀን ንባብ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያህል መሰብሰብ አለበት፣ ምክንያቱም በእስራኤል የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ የእሑድ ጠዋት ጭነትና የሰንበት ጸጥታ ፍጹም የተለያዩ ናቸውና ሁለቱም በመዝገቡ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የከርነሉን መልእክት ማንበብ

አንድ የገጽ ጥያቄ ሲወድቅ ሊኑክስ በክስተት መዝገቡ ላይ «ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር» የሚል መስመር ይጽፋል፤ ከሱ ቀጥሎ «ኦርደር» የሚል ቃልና አንድ ቁጥር ይመጣል። ይህ ቁጥር፣ እዚህ «ደረጃ» ተብሎ የሚጠራው፣ የተጠየቀውን ተያያዥ ቦታ ስፋት ይናገራል፦ ደረጃ 0 አንድ ገጽ፣ ደረጃ 1 ሁለት ገጽ፣ ደረጃ 2 አራት ገጽ እያለ በእጥፍ ያድጋል፤ ደረጃ 4 እንግዲህ 16 ገጽ ወይም 64 ኪሎባይት፣ ደረጃ 9 ደግሞ 2 ሜጋባይት ነው።

ደረጃ 0 የሆነ ጥያቄ ከወደቀ መበጣጠስን መወንጀል አይቻልም፤ አንዲት ነጻ ገጽ እንኳ ማቅረብ አልተቻለምና የጎደለው ሜሞሪ ራሱ ነው። እስከ ደረጃ 3 ድረስ ላሉት ጥያቄዎች ከርነሉ ብዙ ይታገላል፤ ገጾችን ያስለቅቃል፣ ያጠጋጋል፣ ደጋግሞ ይሞክራል። ከደረጃ 3 በላይ ያሉትን ግን «ውድ» ብሎ ስለሚቆጥራቸው ቶሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ስለሆነም በመዝገቡ ላይ ደረጃ 4 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ውድቀቶች ከተደጋገሙ፣ የመበጣጠስ ጥርጣሬ ጠንካራ መሠረት አለው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ነጻውን ቦታ በየደረጃው መቁጠር

በዚሁ የፕሮክ ማውጫ ሥር «ባዲኢንፎ» የሚባል ፋይል አለ። ለመክፈት ልዩ መሣሪያ አይሻም፤ በጽሑፍ ብቻ ይነበባል፣ ማሽኑንም አይጎዳም። እያንዳንዱ መስመር የአንድ የሜሞሪ ቀጠናን ስም ይዞ ይጀምርና በአብዛኞቹ ማሽኖች 11 ቁጥሮችን ያስከትላል። የመጀመሪያው ቁጥር የደረጃ 0 ነጻ ቁርጥራጮች ብዛት፣ ሁለተኛው የደረጃ 1፣ የመጨረሻው ደግሞ 4 ሜጋባይት ስፋት ያላቸው የደረጃ 10 ቁርጥራጮች ብዛት ነው።

ለምሳሌ «ኖርማል» በተባለው ቀጠና መስመር ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 262,144 ሆኖ፣ የቀሩት ሁሉ ዜሮ ቢሆኑ፣ ነጻው ድምር ልክ 1 ጊጋባይት ነው። የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳም ይህንኑ 1 ጊጋባይት በአረንጓዴ ቀለም ሊያሳይ ይችላል። ይሁንና 8 ኪሎባይት ብቻ ተያያዥ ቦታ የሚጠይቅ ድራይቨር በዚያች ቅጽበት አያገኝም። በተግባር እንዲህ ያለ ጽንፍ አልፎ አልፎ ነው የሚታየው፤ የተለመደው ግን በግራ በኩል ያሉት አራት አምስት ቁጥሮች በብዙ ሺህ ሆነው በቀኝ በኩል ያሉት ዜሮ ወይም ከአሥር በታች የሚሆኑበት ቅርጽ ነው። ጤናማ ማሽን ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ በቀኝ ጫፍ ያለው ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ማሽኑ እንደተነሣ የተወሰደ ንባብ ለማነጻጸሪያ መቀመጥ አለበት።

ጥርጣሬን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሌላ መለኪያ አለ፤ ብዙዎች አያውቁትም እንጂ ከሁሉ የጠራው እሱ ነው። በከርነሉ የመመርመሪያ ማውጫ፣ «ዲበግኤፍኤስ» በሚባለው ሥር፣ «ኤክስትፍራግ ኢንዴክስ» የተሰኘ ፋይል ይገኛል፤ ለየደረጃው አንድ ዋጋ ያሳያል። ዋጋው −1 ከሆነ በዚያ ደረጃ ጥያቄ ቢመጣ ይሳካል ማለት ነው። ወደ 0 ከቀረበ ጥያቄው የሚወድቀው ሜሞሪ ስለጎደለ ነው፤ ወደ 1 ከቀረበ ደግሞ የሚወድቀው በመበጣጠስ ምክንያት ነው። ከርነሉ ራሱ ማጠጋጋት፣ ማለትም ነጻውን ቦታ ለማያያዝ ገጾችን ማዘዋወር፣ ይጠቅም እንደሆነ የሚወስነው በዚሁ ዋጋ ሲሆን፣ መነሻ ወሰኑ ከሺህ 500፣ ማለትም ግማሽ ነው። ሜሞሪ እንዲገዛ ለአለቃ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ይህ ፋይል ይታይ፤ ዋጋው ወደ 1 እያዘነበለ ከሆነ አዲስ ሜሞሪ መጨመር ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያዘገየዋል።

አራተኛው እርምጃ፦ ስላቡን መመርመርና የአማርኛ የፋይል ስሞች ጉዳይ

የፋይል ሰርቨሮችን በብዛት የሚያስቸግረው ቋት «ዴንትሪ» የሚባለው ነው። ዴንትሪ ከርነሉ አንድ ጊዜ ያየውን የፋይል ስም ቶሎ ለማግኘት በሜሞሪ የሚያቆየው መዝገብ ሲሆን፣ መጠኑ በአብዛኞቹ ባለ 64 ቢት ማሽኖች 192 ባይት ነው፤ በአንድ ገጽ ላይም 21 ዴንትሪ ይሰፍራል። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ወይም የቫይረስ መከላከያ ሌሊት ሙሉውን ዲስክ ሲዞር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዴንትሪዎች ይፈጠራሉ። ኋላ ላይ ብዙዎቹ ቢለቀቁም፣ ከ21ዱ አንዷ እንኳ በሥራ ላይ ከቆየች ገጹ በሙሉ ታስሮ ይቀራል። ይህን ለማየት «ስላብቶፕ» የሚባለው ትዕዛዝ ይከፈትና በሥራ ላይ ያሉት ዕቃዎች ብዛት ከጠቅላላው ጋር ይነጻጸር። 2,100,000 ዴንትሪ የሚይዝ ቦታ ተወስዶ በሥራ ላይ ያሉት 200,000 ብቻ ቢሆኑ፣ ከ40 ሜጋባይት በታች ለሆነ መረጃ ወደ 400 ሜጋባይት የሚጠጋ ቦታ ተይዟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተጠቃሚዎችን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን ስፍራ ያገኘ ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የዕብራይስጥ ፊደል ግን 2 ባይት ነው። የገዴራው ማትናስ «የአባላት ስም ዝርዝር» የተባለ የኤክሴል ፋይል ቢያስቀምጥ፣ 11 ፊደላትና 2 ክፍተቶች 35 ባይት ይሆናሉ፤ ነጥቡና ባለ 4 ፊደሉ የፋይል ዓይነት ምልክት ሲታከልበት 40 ባይት ይሞላል። ያንኑ ስም በዕብራይስጥ «ረሺማት ሐቬሪም» ብሎ በ10 ፊደላትና በአንድ ክፍተት የጻፈ ሰው 26 ባይት ብቻ ይጠቀማል። ዴንትሪ በራሱ ውስጥ ሊያሳድር የሚችለው ስም ደግሞ፣ የማብቂያ ምልክቱን ጨምሮ፣ እንደ ከርነሉ ዕትም ከ32 እስከ 40 ባይት ገደማ ስለሆነ፣ የዕብራይስጡ ስም በዴንትሪው ውስጥ ሲያድር ለአማርኛው ስም ከርነሉ ሌላ ቦታ ለብቻው ይደለድላል። የአንድ ፋይል ስም ጣሪያ በብዙ የሊኑክስ ዲስኮች ላይ 255 ባይት በመሆኑም፣ በአማርኛ ፊደል ሲቆጠር 85 ላይ ያበቃል።

ከዚህ ተነሥቶ የአማርኛ ስሞችን በዕብራይስጥ መተካት ይገባል የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስሕተት ነው። ትልልቅ ሰዎች የልጆቻቸውንና የቤተሰባቸውን ሰነድ በሚያነቡት ፊደል ማግኘታቸው ከጥቂት ባይቶች ይበልጣል። ባለሙያው ማድረግ ያለበት ጭማሪውን አውቆ ማስላትና ሰርቨሩን በዚያው ልክ ማዘጋጀት ነው። የሌሊቱ ቅጂ ሁሉንም ማውጫ በየቀኑ እንዳይዞር ማድረግ፣ «ቪኤፍኤስ ካሽ ፕሬዠር» የተባለውን መነሻ ዋጋው 100 የሆነ ቅንብር በመጠኑ ከፍ በማድረግ ከርነሉ ዴንትሪዎችን ፈጥኖ እንዲለቅ መንገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

አምስተኛው እርምጃ፦ የማስተካከያ ሥራ

ሜል ጎርማን የተባለው የሊኑክስ መሐንዲስ ያዘጋጃቸው ሁለት ማሻሻያዎች እዚህ ይጠቅማሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የወጣው ዕትም 2.6.24 የሚንቀሳቀሱ ገጾችን ከማይንቀሳቀሱት ለይቶ በየራሳቸው አካባቢ ማስፈር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 2.6.35 ደግሞ ማጠጋጋትን አመጣ። በማጠጋጋት ጊዜ አንዱ ቃኚ ከቀጠናው ግርጌ ተነሥቶ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉ ገጾችን ይሰበስባል፤ ሌላው ከራስጌው ወደ ታች እየወረደ ነጻ ገጾችን ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው የሰበሰባቸው በሁለተኛው ባገኛቸው ላይ እየሰፈሩ ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ያበቃል። የፕሮግራሞች ገጾች በዚህ መንገድ ይንቀሳቀሳሉ፤ የከርነሉ የራሱ ስላቦች ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ስላቡ ሳይቀንስ ማጠጋጋትን ብቻ ማዘዝ ብዙ ጊዜ ፍሬ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ይሁን። አስቀድሞ ባዲኢንፎ፣ ስላብቶፕና ኤክስትፍራግ ኢንዴክስ ተቀድተው ይቀመጡ። ቀጥሎ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት ብቻ፣ «ድሮፕ ካሽስ» በተባለው ፋይል ላይ 2 ይጻፍ፤ ይህ ሊለቀቁ የሚችሉትን ዴንትሪዎችና መሰሎቻቸውን ያስለቅቃል። ተጠቃሚዎች በሚሠሩበት ሰዓት ቢደረግ የፋይል ፍለጋው ሁሉ ወደ ዲስክ ስለሚመለስ ሰርቨሩ ለጥቂት ጊዜ ያዘግማል። ከዚያ «ኮምፓክት ሜሞሪ» በተባለው ፋይል ላይ 1 ይጻፍ። በመጨረሻ ሦስቱ ንባቦች እንደገና ተወስደው ከፊተኞቹ ጋር ይመሳከሩ፤ በባዲኢንፎ የቀኝ ጫፍ ያሉት ቁጥሮች ካላደጉ፣ ቦታውን ያሰረው የማይንቀሳቀስ የከርነል ገጽ ነውና ወደ ድራይቨሮቹ መዞር ያስፈልጋል።

በቀጣይነት የሚሠራ መፍትሔም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ዕትም 5.9 ጀምሮ ከርነሉ ጥያቄ ሳይመጣበት አስቀድሞ እንዲያጠጋጋ ማድረግ ይቻላል፤ የትጋቱ መጠን ከ0 እስከ 100 የሚሰጥ ሲሆን መነሻው 20 ነው። «ሚን ፍሪ ኪሎባይትስ» የሚባለውን የመጠባበቂያ ወለል ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ ነገር ግን ከልክ በላይ ከተደረገ ማሽኑ ያለውን ሜሞሪ እንደሌለ ቆጥሮ ፕሮግራሞችን መግደል ይጀምራል። ከዓርብ ፀሐይ ግባት እስከ ቅዳሜ ምሽት ማንም በማይነካቸው ሰርቨሮች ላይ፣ የማጠጋጋቱ ሥራ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በራሱ እንዲሄድ በሰዓት መርሐ ግብር ቢያዝ ይመረጣል።

ሰርቨሩ በውስጡ ሌሎች ምናባዊ ማሽኖችን የሚያሠራ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ኬቪኤም የተባለው የሊኑክስ ምናባዊ ማሽን ሥርዓት እዚሁ እስራኤል ውስጥ በኩምራኔት ኩባንያ በአቪ ኪቪቲ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በዕትም 2.6.20 ከሊኑክስ ጋር ተዋሐደ፤ ኩባንያውንም ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2008 ገዛው። በምናባዊ ማሽን ውስጥ አንድ አድራሻ ለመፈለግ፣ ገጾቹ ባለ 4 ኪሎባይት ሲሆኑ፣ በከፋ ጊዜ እስከ 24 የሜሞሪ ንባብ ያስፈልጋል፤ በእንግዳውም (በምናባዊው ማሽን) በአስተናጋጁም (በሰርቨሩ) ወገን ባለ 2 ሜጋባይት ትልልቅ ገጾች ከተገኙ ይህ ወደ 15 ይወርዳል። ባለ 2 ሜጋባይት ገጽ ግን የደረጃ 9 ተያያዥ ቦታ ነው። ሜሞሪው የተበጣጠሰ ከሆነ ከርነሉ ምንም ስሕተት ሳያሳውቅ ወደ ትንንሾቹ ገጾች ይመለሳል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ዝግመት ብቻ ነው። በ«ቪኤምስታት» ፋይል ውስጥ «ቲኤችፒ ፎልት ፎልባክ» የተባለው ቆጣሪ በፍጥነት እየጨመረ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለእንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ትልልቆቹን ገጾች ማሽኑ ሲነሣ፣ ሜሞሪው ገና ወጥ ሳለ፣ በቁጥር ቆርጦ ማስያዝ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ

በዊንዶውስ ላይ ከርነሉ ሁለት ዋና ቋቶች አሉት፦ ወደ ዲስክ ሊወጣ የሚችለው ገጻዊ ቋትና ሁልጊዜ በሜሞሪ ውስጥ የሚቆየው ገጻዊ ያልሆነ ቋት። የሁለቱም መጠን በታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ ይታያል። በክስተት መዝገቡ ላይ ቁጥር 2019 ገጻዊ ያልሆነው ቋት፣ ቁጥር 2020 ደግሞ ገጻዊው ቋት ባዶ መሆኑን ያመለክታል። ቦታውን የወሰደውን ለማግኘት ማይክሮሶፍት ለድራይቨር ሠሪዎች ከሚያቀርበው መሣሪያ ጋር የሚመጣው «ፑልሞን» ይከፈት፤ ቢ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ዝርዝሩ በባይት ብዛት ይደረደራል። እያንዳንዱ ድልድል ባለ 4 ፊደል መለያ ስላለው፣ በላይ የተቀመጠውን መለያ በድራይቨር ፋይሎች ውስጥ በ«ፋይንድስትር» ትዕዛዝ መፈለግ ባለቤቱን ያሳያል።

እንደ ኤክስፒ ባሉ አሮጌ ባለ 32 ቢት የዊንዶውስ ዕትሞች ገጻዊ ያልሆነው ቋት ከ256 ሜጋባይት ስለማይበልጥ መበጣጠስ እውነተኛ አደጋ ነበር። በባለ 64 ቢት ማሽን የአድራሻው ስፋት እጅግ ከፍተኛ በመሆኑና እ.ኤ.አ. ከ2019 የዊንዶውስ 10 ዕትም ጀምሮ የቋቱ አሠራር በአዲስ መልክ በመቀየሩ፣ ቋቱ ሲያብጥ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የድራይቨር ፍሳሽ ነው። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ዕቃዎች በተደጋጋሚ የሚወስድና የሚለቅ ከሆነ፣ «ሉክአሳይድ» የሚባለውን ዝግጁ ዝርዝር ይጠቀም።

የያቭኔው ጣቢያ፦ ትልቅ ቦታን አስቀድሞ መያዝ

እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተውና በ2019 የኬኤልኤ አካል የሆነው ኦርቦቴክ በያቭኔ ሆኖ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን በምስል የሚመረምሩ ማሽኖችን ሲሠራ የኖረ ኩባንያ በመሆኑ፣ ከተማዋ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በካሜራ የሚመረምር ማንኛውም ጣቢያ አንድ የጋራ ጥያቄ አለበት። ስፋቱ 4,096 በ4,096 ነጥብ የሆነና ለእያንዳንዱ ነጥብ 1 ባይት የሚወስድ ምስል 16 ሜጋባይት ነው፤ የባዲ ዘዴ ትልቁ ቁርጥራጭ ግን 4 ሜጋባይት በመሆኑ፣ ገና የተነሣና ምንም ያልተበጣጠሰ ማሽን እንኳ ይህን በተለመደው መንገድ ወጥ አድርጎ መስጠት አይችልም።

እዚህ ሦስት መንገዶች አሉ። የካሜራው ካርድ የተበታተኑ ገጾችን ዝርዝር ተቀብሎ መጻፍ የሚችል ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ «አይኦኤምኤምዩ» የሚባለው አድራሻ ተርጓሚ ካለው፣ የተበተነው ቦታ ለካርዱ ወጥ መስሎ ስለሚታይ ችግሩ ከሥሩ ይወገዳል፤ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበትም ይኸው ነው። ይህ ካልተቻለ እ.ኤ.አ. በ2012 በዕትም 3.5 ወደ ሊኑክስ የገባው «ሲኤምኤ» ማሽኑ ሲነሣ ሰፊ ቦታ ከልሎ ያቆያል፤ ካሜራው በማይፈልገው ጊዜ በቦታው ላይ የሚያርፉት የሚንቀሳቀሱ ገጾች ብቻ ስለሆኑ፣ ሲፈለግ ሊነሡ ይችላሉ። ሦስተኛው መንገድ የምስሎቹን ቦታ በሙሉ ፕሮግራሙ ሲጀምር አንድ ጊዜ ወስዶ፣ ሥራው እስኪያበቃ ሳይለቁ በዙር መጠቀም ነው። ለያንዳንዱ ምስል ቦታ ወስዶ የሚለቅ ፕሮግራም በሙከራ ክፍል ለሰዓታት ያለ እንከን ቢሠራም፣ በምርት መስመር ላይ ከሳምንታት በኋላ ሊወድቅ ይችላልና ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

የመስኖ መቆጣጠሪያው፦ ቋሚ መጠን ያላቸው ቋቶች

በቂርያት መላኪ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ላይ ውኃን የሚከፍቱና የሚዘጉ መቆጣጠሪያዎች ጠቅላላ ሜሞሪያቸው በኪሎባይት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ገጽ የሚያንቀሳቅስ ክፍል በአብዛኛው የላቸውም፤ ስለዚህ የተበጣጠሰ ሜሞሪ ተጠጋግቶ አይስተካከልም። ፍሪአርቶስ በተባለው አነስተኛ ስርዓተ ክወና ከሚመረጡት የድልድል ዘዴዎች «ሂፕ 1» ቦታ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ «ሂፕ 2» ይቀበላል ነገር ግን ጎረቤት ነጻ ቦታዎችን አያዋህድም፤ «ሂፕ 4» ያዋህዳል። ለመስኖ ሥራ ግን ተመራጩ፣ ሁሉንም ነገር በመነሻው ደልድሎ ከዚያ በኋላ ምንም አለመጠየቅ ነው። የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ ባልደረባ የነበሩት ጄራርድ ሆልዝማን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቧቸው አሥር የፕሮግራም ሕጎች ውስጥም፣ ከመነሻው ዝግጅት በኋላ ሜሞሪ መደልደል ተከልክሏል።

አሠራሩ የሚጀምረው መቆጣጠሪያው የሚለዋወጣቸውን የመልእክት ዓይነቶች በመቁጠር ነው። የቧንቧ ትዕዛዝ 24 ባይት፣ የዳሳሽ ንባብ 40 ባይት፣ ወደ ማዕከል የሚላክ ዘገባ 200 ባይት ቢሆን፣ ለያንዳንዱ የራሱ ቋት ይበጅለታል፦ 32 የትዕዛዝ፣ 64 የንባብና 8 የዘገባ ክፍሎች በአንድነት 4,928 ባይት ብቻ ይወስዳሉ። በአንድ ቋት ውስጥ ያሉት ክፍሎች መጠናቸው እኩል ስለሆነ የትኛዋም ነጻ ክፍል ለየትኛውም ጥያቄ ትበቃለች፤ ውጫዊ መበጣጠስ አይኖርም። ነጻዎቹ ክፍሎች በሰንሰለት ይያያዛሉ፤ የሰንሰለቱ ማያያዣም በነጻዋ ክፍል ውስጥ ስለሚጻፍ ተጨማሪ ቦታ አይጠይቅም። ለያንዳንዱ ቋት እስካሁን በአንድ ጊዜ ተይዞ የታየው ከፍተኛ ብዛት የሚመዘገብበት ቆጣሪ ይደረግ፤ የክፍሎቹ ብዛት የሚወሰነው በግምት ሳይሆን በመስኖ ወቅት በተገኘው በዚህ ቁጥር ላይ መጠነኛ መጠባበቂያ በመጨመር ነው።

ቋቱ ባለቀ ጊዜ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ መወሰን አለበት። የዳሳሽ ንባብ ቢጠፋ ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ይመጣል፤ ስለዚህ አሮጌው ተጥሎ አዲሱ ይያዝ። «ዝጋ» የሚለው የቧንቧ ትዕዛዝ ግን ከቶ መጣል የለበትም፤ ዓርብ ማታ የተከፈተ ቧንቧ የሚዘጋው ሰው ሳይደርስበት ነውና፣ ለዚህ ትዕዛዝ ከሌሎቹ ጋር የማይጋራው የራሱ ትንሽ ቋት ይሰጠው።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ማሽንን አጥፍቶ ማስነሣትን ይመለከታል። ማስነሣት የተከለከለ አይደለም፤ አገልግሎት ተቋርጦ ሰው እየጠበቀ ከሆነ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያው ከማስነሣቱ በፊት በሊኑክስ የባዲኢንፎን፣ የስላብቶፕንና የክስተት መዝገቡን፣ በዊንዶውስ የፑልሞንን ንባብ ከነሰዓቱ ይቅዳ፤ ለመቅዳት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ግን ከእነዚህ ንባቦች ብዙዎቹን ዳግመኛ ማግኘት አይቻልም።